ሀምዳ ቀርታለች

አዋሽ ሰባት ኪሎ
ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለግመሌ፣ ለራኬብ፤

እግርሽ እንዴት ነው? እጅሽን እንኳ አልጠይቅም፤ ሦስት ገጽ ሙሉ ሳይዝል ጽፏል። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬም እንደ ድሮው የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ ይሰማል። «ለምን ስልክ አያነሱም?» ብለሽ ተቆጥተሻል። አነሳለሁ እኮ! አንቺ «አባባ» ትያለሽ፣ እኔ «ማን?» እላለሁ፣ አንቺ ትጮኺያለሽ፣ የሰፈሩ ሰው ወሬያችንን ሰምቶ ሲያበቃ እኔ ብቻ ሳልሰማ ይዘጋል። ለቢያድግልኝ ወረቀት መስጠት ይሻላል። ከባድ መኪናውን አዋሽ ላይ አቁሞ ምሳውን ይበላል፣ ሰመራ ላይ አቁሞ ሻዩን ይጠጣል፣ ጂቡቲ ደርሶ ይመለሳል። እኔና አንቺ መንገዱ ላይ ነን፤ አናስቸግረውም።

እንግዲህ ጨረስሽው! ከአዳይቱ ሰመራ በእግር፣ አስፋልቱን ትታችሁ በበረሃው! ያውም ለአንድ ጤና ኬላ የውኃ ማጠራቀሚያ ገንዘብ ለማሰባሰብ። ከጣቢያው እስከ ቤታችን «አባባ እግሬ አለቀ» እያልሽ ትከሻዬ ላይ የምትወጪው ልጅ ይህን ታደርጊያለሽ ብሎ ማን ገመተ? ለጣቢያው ዘበኛ ለራጉኤል «ከፊት ሆና መንገድ የመራችው እሷ ናት» አልኩት። ለጎረቤታችን ለአሪፋ ደግሞ ግመሎቹ ሲደክማቸው አንቺ እየተሸከምሻቸው እንደሄድሽ ነገርኳት። «ወላሂ?» አለችኝ። «በኡራኤል!» አልኳት። ማመኗ አይደለም የገረመኝ፤ ሱቋ ድረስ ሄዳ ለደንበኞቿ መንገሯ ነው።

የካቲት 9 ሊሸልሟችሁ መሆኑን ጽፈሽልኛል፤ «ይምጡ» የምትለዋን ቃል ግን ረስተሻታል። ምንም አይደል፣ እኔ አልረሳኋትም። ኮቴን አስተኩሻለሁ። የፊት ወንበር ያዢልኝ።

አንድ ነገር ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። በሦስቱ ገጽ ውስጥ ፀሐይ አለች፣ አሸዋ አለ፣ አቧራው በሰማይ ላይ የሠራው ቀለም አለ፤ ሀምዳ የለችም። ለትምህርት ሰመራ ከገባሽበት ከመስከረም ጀምሮ በየደብዳቤሽ ሀምዳ እንዲህ አለች፣ ሀምዳ እንዲህ ሳቀች ነበር። አባቷ ሰላሀዲን ከወሎ መጥቶ ሰመራ ላይ ሻይ ቤት እንደከፈተ፣ እሷም በልጅነቷ ከሰፈሩ ልጆች ጋር አፋርኛ አቀላጥፋ መናገር እንደለመደች አውቃለሁ። ነርስነት ለመማር ስትለምነውም «ይህን መንገድ ከጨረስሽ ትመዘገቢያለሽ፤ ከቀረሽ ግን ከሻዩ ጋር ትቀሪያለሽ» ብሎ እንደፈረደባት የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ታዲያ ጨረሰች?

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ። «ጆሮህ ምን ሰማ? ዓይንህ ምን አየ?» ብለው ይጠያየቃሉ። ያዩትን መደበቅ የለም፣ ያላዩትን መጨመር የለም። (ይህ ሁለተኛው ስለሚከብደኝ ነው አፋር ሳልሆን የቀረሁት።) አንቺም እንደዚያ ጻፊልኝ።

እኔ ዛሬ ጠዋት እስከ ገደሉ አፍ ሄጄ ነበር። አዋሽ ታች በጥልቁ እንደ ቀበቶ ተጠምዝዞ፣ ዝንጀሮዎቹ ማዶ ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ፣ እንዲህ ያማረበት ቀን አይቼ አላውቅም።

አያትሽ ፍቅረ ሥላሴ

—

ሰመራ
ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? የግፊት መድኃኒትዎን በሰዓቱ እየወሰዱ ነው? ለአሪፋ በሐሰት መማል ይቅር፤ ባለፈው ቃል ገብተውልኝ አልነበር? እኔ ደህና ነኝ፣ እግሬም እየዳነ ነው።

ስለ የካቲት 9 ባይደክሙ ይሻላል። አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ንግግሩ ረጅም ነው፣ መንገዱም እንደሚያውቁት ነው። በዚያ ላይ እኔ እዚያ ቀን ሥራ ይበዛብኛል፤ በወጣቶቹ ስም ንግግር እንዳደርግ ተመርጫለሁና ከእርስዎ ጋር ለመቀመጥ ጊዜ አይኖረኝም። ፎቶውን እልክልዎታለሁ።

ሀምዳ መንገድ ላይ ቀርታለች። ደህና ናት።

ሰመራ ሰሞኑን ነፋስ በዝቶባታል። ማታ ማታ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሳይ ተራሮቹ በአቧራው ውስጥ ሐምራዊ ይሆናሉ፤ መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው ከሩቅ ሲመጡ ደግሞ በአየር ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። እርስዎ ቢያዩት ይወዱት ነበር።

ልጅዎ ራኬብ

—

አዋሽ ሰባት ኪሎ
ጥር 22፣ ኡራኤል፣ 2016 ዓ.ም.

ለተናጋሪዋ ለራኬብ፤

እንኳን ለኡራኤል አደረሰሽ። እንዳልመጣ የደረደርሻቸውን ምክንያቶች አንብቤ ኮቴን ደግሜ አስተኩሻለሁ።

ዕድሜዬን ባቡር ላይ ትኬት ስቆጣጠር እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ትኬት የሌለውን ሰው በምን እንደምለየው ግን ነግሬሽ አላውቅም፤ የሙያ ምሥጢር ነበር። ትኬት ያለው ሰው ስመጣ እንቅልፉን ይተኛል፣ ካልሆነም ከሚስቱ ጋር መጨቃጨቁን ይቀጥላል። ትኬት የሌለው ሰው መስኮት ያደንቃል። «እንዴት ያለ አገር ነው እባክዎ! ያንን ተራራ አዩት?» ይለኛል። መተሐራ ላይ አንዱ የድንጋይ ክምር እያሳየኝ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። እኔም አብሬው አደንቅና «አዎ ውብ ነው፤ ትኬት!» እለዋለሁ።

የኔ ልጅ፣ ሐምራዊ ተራሮችሽን አይቻቸዋለሁ። ውብ ናቸው። ትኬት!

«ሀምዳ መንገድ ላይ ቀርታለች» ነው ያልሽው? ምን ማለት ነው ይሄ? ይህ ቃል እኛን የባቡር ሰዎች ስንቴ አስደብድቦናል! «ባቡሩ ቀርቷል» ብለን ስናስታውቅ ግማሹ «ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ይመጣል» ብሎ ሻንጣው ላይ ይቀመጣል፤ ግማሹ «አይመጣም» ብሎ ቤቱ ይገባል። ማታ ሲመጣ የተቀመጠው ይስቃል፣ ቤቱ የገባው ሊደበድበን ይመጣል። ስለዚህ አለቃችን ቃሉን ከለከለን። «ይቆያል» ወይም «አይመጣም» በሉ፤ «ቀረ» የሚል አፍ እንዳልሰማ አለን። አንቺም ከሁለቱ አንዱን ምረጪ። ሀምዳ ቆይታለች ወይስ ትታዋለች?

ይህን የምጠይቅሽ ለመነታረክ አይደለም፤ ቢያድግልኝ ያመጣው ወሬ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ሻዩን የሚጠጣው ሰላሀዲን ቤት መሆኑን ረሳሽው? ሾፌሮቹ ሰላሀዲንን «ልጅህ ቀረች አሉ» እያሉ ያበሽቁታል አለ። ልጅቷ ግን አንድ ቀን ዘግይታ በእግሯ እንደገባች ትናገራለች። አባትዬው በሰው ፊት «በእግርሽ ስትገቢ ያየሽ አንድ ሰው አምጪ» አላት። ሰው የላትም። ከባድ መኪና ጭኗት መጣች እየተባለ ነው። ምዝገባው የካቲት አጋማሽ ላይ ይዘጋል። እሷ ብርጭቆ ታጥባለች።

እኔ እዚህ እንቆራጠጣለሁ። ዛሬ ጠዋትም ገደሉ ድረስ ሄጄ ነበር፤ የአሮጌው ሐዲድ ብረት በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ምን ያህል እንደሚያምር ልነግርሽ አልችልም።

ጆሮሽ ምን ሰማ? ዓይንሽ ምን አየ?

አያትሽ

—

ሰመራ
ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባባ፤

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይቺኛዋን ሳልቀድ ለቢያድግልኝ እሰጠዋለሁ።

ከአዳይቱ ከወጣን ከቀናት በኋላ ነው። መንገድ የሚመራን አብዱናሲር የሚባል የአፋር ሰው ነበር፤ ግመሎቹን ይዞ ቀድሞ ወደ ማረፊያው ሄዷል። ማረፊያው የውኃ ጉድጓድ ያለበት ቦታ ነው። እኛ ከኋላ በጥድፊያ እንከተላለን፣ ምክንያቱም አስተባባሪያችን መሀመድአሚን ሰዓት ይይዛል፤ ፎቶ አንሺዎቹ የሚጠብቁን በሰዓት ነበርና። እኔና ሀምዳ የመጨረሻዎቹ ነበርን። አንድ የአፋር ሽማግሌ ከግራር ሥር ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙልን። እኔ በእጄ ሰላምታ ሰጥቼ ማለፍ ጀመርኩ። ሀምዳ እጄን ያዘችኝ።

«ዳጉ ይፈልጋሉ» አለችኝ።

«ሰዓት የለንም» አልኳት።

«አንቺ፣ ሰውዬው ቤት እኮ ነው ያለነው! ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ምን ይሉታል? ወላሂ አላልፍም። ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ። ቀርታለች በያቸው።»

እንዳለችኝ አልኩ። መሀመድአሚን ጋ ስደርስ አፌ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር፤ «ወደ ኋላ» የሚለውን ዋጥኩና «ሀምዳ ቀርታለች» አልኩ። «ቀረች? በቃ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። እውነቴን ነው አባባ፣ ያኔ በቃ ማለቱ ምን ማለቱ እንደሆነ አላሰብኩም፤ ውኃ ብቻ ነበር የማስበው።

ማረፊያው ስንደርስ አብዱናሲር ጉድጓዱ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ፍየል ወድቃ ሞታበታለች፣ እንዳትጠጡ አለ። ከየት አወቀ? ሽማግሌው ወዴት እንደምንሄድ ከሀምዳ ሲሰሙ ለእረኛ ተናግረዋል፣ እረኛው ለሌላ እረኛ፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገብቷል። እሷ ባትቀመጥላቸው ወዴት እንደምንሄድም አያውቁም ነበር። በግመሎቹ ላይ የነበረውን ውኃ ተካፍለን አደርን።

በዚያው ወሬ ሀምዳ እኛን ልትደርስ ስትሮጥ ቁርጭምጭሚቷ እንደዞረና ሽማግሌው ቤት እንዳረፈች ሰማን። በማግስቱ መሀመድአሚን መኪና ላከላት። «በእግሬ ነው የምገባው» ብላ ሾፌሩን መለሰችው። ሾፌሩ መጥቶ «እምቢ አለች» ብቻ አለ። መሀመድአሚን «አኩርፋ ነው፣ ተወችው» አለና ስሟን ከዝርዝሩ አወጣ። ያንን ሁሉ ሰምቻለሁ። «አይደለም» ማለት እየቻልኩ ዝም አልኩ፤ ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሰመራ ገባን፣ አበባ ሰጡን፣ በሀምዳ ቦታ ንግግር የምታደርጊው አንቺ ነሽ ተባልኩ። አዎ፣ ንግግሩ የሷ ነበር።

ሀምዳ እንዴት እንደገባች አላውቅም።

አሁን የዝግጅቱ ወረቀት ታትሟል፣ ስሜ በትልቁ አለበት። በሰላሀዲን በር ማለፍ ትቼ በኋላ በኩል እዞራለሁ። ማረፍ አልቻልኩም። ከክፍል ወጥቼ እሄዳለሁ፣ ከተማውን ዞሬ እዚያው እመለሳለሁ። እርስዎ ፊት ቆሜ ያንን ንግግር ማድረግ አልችልም፤ እንዳይመጡ የለመንኩት ለዚህ ነበር። ጠሉኝ?

ራኬብ

—

አዋሽ ሰባት ኪሎ
የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለራኬብ፤

«ጠሉኝ?» ትያለሽ። አንቺን ለመጥላት አዲስ ሰው መቅጠር አለብኝ፤ እኔ ለሥራው ብቁ አይደለሁም። እጅሽን ሳሚልኝ።

ያንን ሽማግሌም ብታገኚ ሰላም በይልኝ። የኛ አገር ሰው ሰዓት ሲገዛ ሰው መሸጥ ጀመረ ብዬ ለራጉኤል ስነግረው «ባቡሩ ያለ ሰዓት ይሄድ ነበር እንዴ?» አለኝ። ይህ ሰውዬ አንዳንዴ ያበሳጨኛል።

አሁን ደብዳቤሽን እንደ ትኬት አገላብጬ አየሁት። የጆሮሽ ዳጉ ተሟልቷል፤ መሀመድአሚን ያለውን፣ ሾፌሩ ያለውን፣ እረኛ ለእረኛ ያለውን ሁሉ ነግረሽኛል። የዓይንሽ ግን ጎድሏል። «ሀምዳ እንዴት እንደገባች አላውቅም» ባልሽው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰርዘሽ ነው የጻፍሽው። ስትሰርዢ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። በብርሃን አንጋጥጬ አየሁት፣ አላነበብኩትም፤ አንቺ እስክትነግሪኝ ማንበብም አልፈልግም። ሰላሀዲን ግን የሚፈልገው ጆሮ አይደለም፣ ዓይን ነው። «ያየሽ ሰው አምጪ» ነው ያላት። ይህን አስቢበት። ሌላ ምንም አልልሽም።

እሺ፣ ትንሽ ልበል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከቢያድግልኝ ትቀበያለሽ። ጦር መሣሪያ መስሎት ፈርቶ ነበር። የትኬት መብሻዬ ነው። ጡረታ ስወጣ መልስ ሲሉኝ «ጠፋ» አልኩ፤ እንዳልመልሰው ከኪሴ ጠፍቶ እቤቴ ተገኘ። ያልተበሳ ትኬት ያው ወረቀት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የካቲት 9 የምስክር ወረቀቱን ሲሰጡሽ ያንቺ ከሆነ ጫፉን ብሺው። ካልሆነ ደግሞ አትብሺው፣ መሣሪያዬንም መልሺልኝ፤ የሚያስፈልገኝ አይምሰልሽ፣ ናፍቆኝ ነው።

እመጣለሁ። ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ተራራና አቧራ ስታደንቂ ከሰማሁሽ በአዳራሹ መሐል «ትኬት!» ብዬ እጮሃለሁ። ጆሮዬ ቢደክምም ጉሮሮዬ ደህና ነው።

የገደሉ ነገር ደግሞ! ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ወንዙ መዳብ መሰለ፤ ቆሜ ቆሜ እግሬ እስኪዝል አየሁት።

አያትሽ ፍቅረ ሥላሴ

—

ሰመራ
የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባባ፤

የፊት ወንበር ያዝኩልዎት። ባዶውን ዋለ። አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ሊቀመጥበት ሲል «ሰው አለው» ብዬ ከመድረክ ሥር ጮህኩበት፤ ያ ነው የመጀመሪያው ንግግሬ።

ስሜ ሲጠራ ወጣሁ። የጻፍኩት ወረቀት «ያ የበረሃ ፀሐይ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ወደ ባዶው ወንበር አየሁና አጠፍኩት። «ይህን ንግግር ማድረግ የነበረባት ሀምዳ ሰላሀዲን ናት፤ ‹ቀርታለች› ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ቆይታ ነበር። የቆየችውም መጥፎ ውኃ እንዳንጠጣ ያስጠነቀቁንን ሽማግሌ ሰላም ለማለት ነው» አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። መሀመድአሚን ማይክሮፎኑ ላይ አሳለና «ወደ ቀጣዩ ዝግጅት እናልፋለን» አለ። የምስክር ወረቀቱን ግን ሰጡኝ፤ ስሜ ተጽፎበት ስለነበር ምን ያድርጉት? ስወርድ መሀመድአሚን በጎን «ቢሮ ብትነግሪኝ አይሻልም ነበር?» አለኝ። ይሻል ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት። ስሟን እንደሚመልስ ነገረኝ፤ ፊቱ ግን ገና አልተፈታም።

ከአዳራሹ ወጥቼ ሰላሀዲን ቤት ሄድኩ። መድረኩ ቀላል ነበር አባባ። እዚህ ግን ሾፌሮቹ ሞልተዋል፣ ቢያድግልኝም ጥግ ላይ ነበር፣ ሰላሀዲን ከትልቁ ማንቆርቆሪያ ጋር ቆሟል። ሀምዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ ታጥባለች። ሻይ አዘዝኩ። አመጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። ትሄዳለች ስል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጆሮሽ ምን ሰማ?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት፣ ለእርስዎ እንደጻፍኩት።

«ዓይንሽስ?»

አባባ፣ የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ይኸው። ሰመራ በገባን ማግስት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በባጃጅ ሆነን ወደ እራት ግብዣው እየሄድን ነበር። በአስፋልቱ ግራ በኩል ሀምዳ ስትመጣ አየኋት። ብቻዋን ነበረች። የሽማግሌውን በትር ተመርኩዛ ታነክሳለች፤ አንዱን ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። ባጃጁን አቁም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ሌላው ጎን አዞርኩና ለጓደኞቼ «ተራሮቹን አያችሁ፣ እንዴት ያምራሉ!» አልኩ።

ይህን በሾፌሮቹ ፊት ተናገርኩ። ሰላሀዲን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ።

«የቱን እግር ጫማ ነው የያዘችው?» አለኝ።

«የግራውን።»

ጎንበስ ብሎ የልጁን ግራ ቁርጭምጭሚት አየ፤ እስከ ዛሬ እንዳበጠ ነው። እዚያው ቤት ውስጥ ሲያየው ሰንብቶ አሁን ገና ያየው መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ለሁላችንም በቁጣ፣ «አላህ ይይላችሁ! ከሰኞ ጀምሮ ሻዩን ማን ሊቀዳላችሁ ነው ታዲያ?» አለ። ቢያድግልኝ ነው መጀመሪያ የገባው፤ ጠረጴዛውን መታ፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ልትመዘገብ ነው አባባ! ዛሬ ሰኞ ሊያስመዘግባት ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፣ እሱ እሷን እየጠበቀ ቀስ ብሎ ይራመዳል።

ይቅር ግን አላለችኝም። የሻዩን ሂሳብ አስከፈለችኝ፤ በዚያ ቤት ሻይ ከፍዬ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ስደርስ «ነገም ነይ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ስዞር «ነገም ትከፍያለሽ» አለችኝ።

የምስክር ወረቀቱን አልበሳሁትም። ስለዚህ መብሻዎን መመለስ አለብኝ። ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ተሳፋሪ ልቆጣጠርበት።

«ትኬት የሌለው ሰው መስኮት ያደንቃል» ብለውኛል። ደብዳቤዎችዎን መልሼ አነበብኩ። ጥር 14 ገደሉ አማረ። በኡራኤል ሐዲዱ አማረ። የካቲት 2 ወንዙ መዳብ መሰለ። ካሳደጉኝ ጊዜ ጀምሮ ስለዚያ ገደል አንድ ደግ ቃል ተናግረው አያውቁም፤ «ፍየል ገዳይ ጉድጓድ» ነበር የሚሉት! ቢያድግልኝን አስጨነቅኩት። በዚህ ሰሞን ደብዳቤውን ከእጅዎ ተቀብሎ እንደማያውቅ፣ የምታወጣለት አሪፋ እንደሆነች ነገረኝ።

ኮትዎ ተተኩሶ ለምን አልመጡም? ገደሉ ውብ ነው አባባ። ትኬት!

ልጅዎ ራኬብ

—

አዋሽ ሰባት ኪሎ
የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተቆጣጣሪዋ ለራኬብ፤

ተያዝኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ስይዝ ኖሬ፣ ባሳደግኋት ልጅ ልያዝ!

እሺ፤ ጆሮዬ የሰማው፦ የጭኔ አጥንት ሲሰበር «ቋ» አለ። ዓይኔ ያየው፦ የራጉኤልን ጫማ፣ በጣም ከቅርብ። አንቺ ከአዳይቱ የተነሣሽ ዕለት ነው። ራጉኤል «ድሮ ከሚሄድ ባቡር ላይ ትዘሉ ነበር የሚባለው ውሸት ነው» አለኝ። እንዴት ውሸት ነው? ከቆመ ፉርጎ ላይ ዘልዬ አሳየሁት። ባቡሩ ቢሄድ ኖሮ ይቀናኝ ነበር፤ መቆሙ ነው የጎዳኝ። አዳማ ወስደው ብረት አስገቡልኝና መለሱኝ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ነኝ። በመስኮቴ የሚታየው የአሪፋ ሱቅ የጀርባ ግድግዳ ነው፤ ለሱ የሚሆን የአድናቆት ቃል ስላጣሁ ገደሉን ተዋስኩ።

ያን ቀን ብነግርሽ መንገዱን ትተሽ ትመጪ ነበር። ልጄ በሰበቤ ቀረች እንዲባል አልፈለግኩም። ከጨረስሽ በኋላም ልነግርሽ ስል ደብዳቤሽ መጣ፣ ሀምዳ የለችበትም፤ ከዚያ ወዲያ ከኔ እግር ያንቺ ነገር ባሰኝ። ኮቱን ያስተኮስኩት ግን እውነት ነው። ሁለቴም እውነት ነው። ለመሄድ ነበር ያሰብኩት፤ አሪፋ በሩ ላይ ተቀመጠችብኝ። ይህቺ ሴት «ወላሂ አይወጡም» ካለች አይወጣም። ሰዎች ቤቴ ስትመላለስ ባዩዋት መጠን ሊያሙን ይችላሉ፤ እኔ በበኩሌ እንዲያሙን ከራጉኤል ጋር እየሠራሁ ነው።

ሐኪሙ በምርኩዝ ትሄዳለህ፣ ትንሽ መታገሥ ነው አለኝ። ለትዕግሥት መድኃኒት አላዘዘልኝም። ሌሊቱን ሙሉ ደህነኛው እግሬ ይሄዳል፤ አልጋው ላይ ጂቡቲ ደርሶ ይመለሳል።

አሁን ስሚኝ። ያንን ወረቀት አትብሺው፣ አትጣዪው። ከሀምዳ ጋር ይዛችሁት ኑ፤ እንደምትመጣ ጠይቂያት። ሂሳብ ታስከፍልሽ፣ ክፈዪ፤ እስክትበቃት ክፈዪ። ነርስ ልትሆን አይደል? መለማመጃ እግር አዘጋጅቼላታለሁ በያት፤ የሷ ግራ ነው፣ የኔ ቀኝ ነው፣ ሁለት ሆነን አንድ ጥንድ እንወጣለን። ያ መብሻም አይጠፋብሽ። ሁለታችሁ ስትገቡ ከአልጋዬ ሆኜ «ትኬት!» እላለሁ፤ ወረቀቱን አንዷ ትይዛለች፣ ሌላዋ ትበሳለች። ማን እንደምትይዝና ማን እንደምትበሳ እናንተ ታረቁና ወስኑ።

ለቢያድግልኝ ነግሬዋለሁ፣ ከጂቡቲ ሲመለስ ይጭናችኋል። መቼም ወሬኛ ነው፣ ገና ሳትሳፈሩ «አያትሽ ለሽልማቱ ምነው አልመጡ?» ማለቱ አይቀርም። አደራሽን፣ ቀርቷል እንዳትዪው።

ቆይቷል በዪው።

አያትሽ ፍቅረ ሥላሴ